ማን ለማን ቀዳ? የቶማስ ቪንተርበርግ «ድሩክ» ዳግም ሲታይ

ስለ መጠጥ የተሠራን ፊልም በደረቅ ጉሮሮ ማየት ነውር መስሎን፣ በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ወዳጃችን ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አምስት ሆነን ተሰበሰብን። የቤቱ ጌታ ከሰዓት በኋላ ዝንጅብል ልጦ በስኳር አፍልቶ ሽሮፕ ሠርቷል። እኔ ካቫ የተባለ አረፋማ ወይን ሁለት ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ፤ ተደምረው 30 ዶላር አልሞሉም። አንዱ ሎሚና በረዶ፣ አንዷ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አመጣች። ራይ ውስኪ ግን ከወይን ሱቁ አልተገኘም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ጠንካራ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጠው ካውንቲው በራሱ ሱቆች ብቻ ስለሆነ፣ እንደገና መኪና ማስነሳት ግድ ሆነ። አምስተኛው ሰው ሾፌራችን ነበር። እሱ ያመጣው የመኪና ቁልፍ ነው።

«ድሩክ» ዴንማርካዊው ዳይሬክተር ቶማስ ቪንተርበርግ ከቶቢያስ ሊንድሆልም ጋር ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ፊልም ነው። በተከታዩ ዓመት በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወስዷል፤ ቪንተርበርግም በምርጥ ዳይሬክተርነት ታጭቶ ነበር። ቃሉ በዴንማርክኛ እስኪሰክሩ ድረስ መጋትን ያመለክታል። የእንግሊዝኛው ርዕስ ለስለስ ያለ ነው፤ «አናዘር ራውንድ» ይላል፣ እኛ መጠጥ ቤት ተቀምጠን «ድገሙን» የምንለው። ሁለቱ ርዕሶች የሚስማሙ አይደሉም። የመጀመሪያው ብቻውን ጠጥቶ ለወደቀ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ያለ ባልንጀራ አይነገርም፤ ወጥ ቤት ቆሞ ከጠርሙሱ ለራሱ የሚቀዳ ሰው «ድገሙን» አይልም። እኔ ይህን ፊልም ሦስተኛ ጊዜ ሳየው የቆጠርኩት የብርጭቆውን ብዛት ሳይሆን ማን ለማን እንደሚቀዳ ነው፤ እንደዚያ ሲታይ ፊልሙ ብዙዎቹ ገምጋሚዎች ካሉት የተሻለም የባሰም ሆኖ ይገኛል።

ታሪኩ አጭር ነው። ማርቲን (ማድስ ሚኬልሰን) ታሪክ፣ ቶሚ (ቶማስ ቦ ላርሰን) ስፖርት፣ ፒተር (ላርስ ራንቴ) ሙዚቃ፣ ኒኮላይ (ማግኑስ ሚላንግ) ሥነ ልቦና ያስተምራሉ። የማርቲን ማስተማር ሞቷል። ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ተሰብስበው ፊት ለፊት ከሰውታል። ሚስቱ አኒካ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይገናኙ ይኖራሉ። በኒኮላይ 40ኛ ልደት እራት ላይ ባለልደቱ የኖርዌዩን ሳይካትሪስት ፊን ስካርደሩድን ጠቅሶ፣ ሰው ሲፈጠር በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ጎድሎት ነው የሚል ነገር ያነሳል። (ስካርደሩድ ይህን እንደ ሳይንስ ግኝት አላቀረበውም፤ ጣሊያናዊው ኤድሞንዶ ደ አሚቺስ ስለ ወይን ለጻፈው መጽሐፍ ካዘጋጀው መግቢያ የተመዘዘ ሐሳብ ነው። አራቱ ጓደኛሞችም ቢሆኑ የፈለጉት ሰበብ እንጂ ማስረጃ አይደለም።) ጉድለቱን በሥራ ሰዓት ሊሞሉ ይስማማሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላና በሳምንቱ መጨረሻ መጠጣት የለም። የትንፋሽ መለኪያ ተገዛ፤ ማስታወሻ መያዝ ተጀመረ።

እነዚህ ሰዎች በመለኪያ የሚፈልጉት ነገር አማርኛ ውስጥ የቆየ ስም አለው። «ሞቅ ብሎታል» እንላለን። የሞቀው ሰው አልሰከረም፤ ነገር ግን አንደበቱ ተፍታቷል፣ ዘፈኑ ደርሶበታል፣ ያኮረፈውን ይቅር ለማለት ተዘጋጅቷል። ሞቅታ ግን በቁጥር አይያዝም፤ ደግሞም የሞቀው ሰው «ሞቆኛል» ብሎ ሲመሰክር እምብዛም አይሰማም። አጠገቡ የተቀመጠው ነው የሚያይለት። ኒኮላይና ጓደኞቹ ይህንን የሰው ዓይን በመሣሪያ ተኩት። ነገሩን የበለጠ የሚያስቀው ደግሞ 0.05 በመቶ በዴንማርክ ሕግ አሽከርካሪ ሊያልፈው የማይፈቀድለት ጣሪያ መሆኑ ነው። ጀብዱ ብለው የተነሱት ትራፊክ ፖሊስ የሚያውቃት መስመር ላይ ለመቆም ነው።

ወደ ልደቱ እራት ልመለስ፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ያንን ያህል ጥሩ የሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሻምፓኝ ይመጣል፤ ማርቲን መኪና ይዣለሁ ብሎ ውኃ ይይዛል። ካቪያርና ቮድካ ይመጣል። አስተናጋጁ የእያንዳንዱን መጠጥ ምንነት በትሕትና እያስረዳ ይቀዳል፣ ጓደኞቹ ያያሉ፣ ማርቲን ውኃውን ያያል። ከዚያ ቮድካውን አንስቶ ጨለጠው። ቀይ ወይን ተከተለ። የሚኬልሰን ፊት ላይ የሚሆነውን በቃል መመለስ ከባድ ነው፤ ዓይኑ ይሞላል፣ እንባው ሳይፈስ ይቆያል፣ ሦስቱ ጓደኞቹ ሹካቸውን አስቀምጠው ዝም ይላሉ። ስለ ትዳሩ፣ ስለ ብቸኝነቱ የተናገረው ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ግን ሰምቶታል። የቪንተርበርግን «ፌስተን» ያየ ሰው ይህን ጠረጴዛ ያውቀዋል። በ1998ቱ በዚያ ፊልም በአባቱ 60ኛ ልደት ላይ ልጁ ብርጭቆውን መትቶ ይነሳና ደስታ መግለጫ ይሆናል ተብሎ በተጠበቀው ንግግር የቤቱን ገመና አደባባይ ያወጣዋል። ቪንተርበርግ ከጥንትም ጽዋ የተነሳበት ጠረጴዛ ላይ ሰው እውነቱን እንደሚያወጣ ያምናል። «ድሩክ» ውስጥ እውነቱ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህም ይመስለኛል የበለጠ የሚያሳምነው።

ሁለተኛው ታላቅ ትዕይንት የሳዘራክ ምሽት ነው። ጓደኛሞቹ መጠኑን ከፍ ከፍ ሲያደርጉ ቆይተው በመጨረሻ ጫፍ ላይ ለመውጣት ይወስናሉ፤ ኒኮላይ ሚስቱና ልጆቹ በሌሉበት ቤቱን መጠጥ ቤት ያደርገዋል። የኒው ኦርሊንስ ቡድን የዘ ሚተርስ ሙዚቃ ይከፈታል። ኮክቴል ሲቀመም በፊልም ብዙ ጊዜ አይተናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መጠጥ ቀማሚው ለትርኢት ጠርሙስ ሲወረውር ነው። እዚህ አንድ ሰው ለወዳጆቹ በጥንቃቄ ሲቀምም እናያለን።

ሳዘራክ የተመረጠበትም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። መጠጡ የኒው ኦርሊንስ ነው፤ የሉዊዚያና ሕግ አውጪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የከተማዋ ይፋዊ ኮክቴል ብሎታል። መሠረቱ መድኃኒት ቤት ነው። አንቷን ፔይሾ የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መድኃኒት ቀማሚ የሠራው ቀይ መራራ ጠብታ ዛሬም ከውስጡ አይጠፋም። ስኳሩ በጠብታው ይርሳል፣ ራይ ውስኪ ይጨመራል፣ በበረዶ ይማሰላል እንጂ አይናጥም። አፕሳንት የሚባለው ጠንካራ የእንስላልና የአኒስ መጠጥ የሚገባው ብርጭቆውን ለማጠብ ያህል ነው፤ ግድግዳውን ቀብቶ ይደፋል። በረዶ የሌለበት ብርጭቆ ላይ የሎሚ ልጣጭ ተጠምዝዞ ይቀርባል። የአፕሳንት ታሪክ ራሱ የሚያስፈራ ነው፤ አሜሪካ በ1912 ከልክላው እስከ 2007 ድረስ አልፈታችውም። እንግዲህ ይህ መጠጥ ከአደገኛው ነገር ሽታውን ብቻ የሚያስቀር፣ ለልኩ የሚጨነቅ መጠጥ ነው። ኒኮላይ ያንን ሁሉ ልክ ጠብቆ ልክ ለማጥፋት ያዘጋጀዋል። ጸሐፊዎቹ ይህን ተቃርኖ ሳያብራሩ ማለፋቸው ደስ ይላል።

እኛ አፕሳንት አልነበረንም። የቤቱ ጌታ ኡዞ አመጣ፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው የአኒስ ሽታ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። ብርጭቆዎቹን በኡዞ አጥቦ ከደፋ በኋላ የቀመመው መጠጥ ሳዘራክ ነው ብዬ ኒው ኦርሊንስ ሄጄ አልምልም። ነገር ግን ኒኮላይ በስክሪኑ ላይ ሲያማስል የእኛም ሰው ያማስል ነበር፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ደግሞ ቀምሶ ነው ያሳለፈው። ድሮ በትልልቅ ግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ እንደነበር ትልልቆቻችን ይነግሩናል። መርዝ የለበትም፣ እኔ አለሁበት ማለቱ ነው። ማርቲን በዚያ ምሽት መጀመሪያ አልገባበትም ብሎ ነበር። ያስገባው የመጠጡ ሽታና የሦስቱ ሳቅ ነው፤ ወጣ ብሎ መቅረትን አልቻለበትም። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በየደረጃው የከፋ ነው። ይጨፍራሉ፣ ሱቅ ይገባሉ፣ መጠጥ ቤት ይበጠብጣሉ፤ ሲነጋ ማርቲን ደጅ ወድቆ ፊቱ ደምቶ ይገኛል። ቤቱም ይፈርሳል።

በእነዚህ ሁለት ምሽቶች መካከል ያለው ፊልም ብልህ ነው፤ ብልህነቱ ግን አንዳንዴ ያደክማል። ማርቲን ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ከትንሽ ጠርሙስ ሲጎነጭ፣ ቶሚ ስፖርት ዕቃ ክፍል ጠርሙስ ሲሸጉጥ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ የአልኮሉ መጠን በቁጥር ሲጻፍ፣ መዋቅሩ እንደ ላቦራቶሪ ሪፖርት ተሰድሮ ይታያል። ማርቲን ሲሞቀው ክፍሉ ይሞቃል፤ ሩዝቬልትን፣ ቸርችልንና ሂትለርን ስማቸውን ሸሽጎ እንደ ዕጩ ለተማሪዎቹ ያቀረበበት ጨዋታ ያስቃል፣ ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ የተሰማ እንቆቅልሽ ነው። የሰከሩ ፖለቲከኞች የቪዲዮ ቅንጭብጭብም የልሲንን እየጠራ ተመልካቹን ለማሳቅ ከታሪኩ ይወጣል። ሊወጣ ይችል ነበር፤ ማንም አይናፍቀውም። ይልቅ የሲኒማቶግራፈሩ የስቱርላ ብራንት ግሮቭለን ሥራ ከቁጥሮቹ ይሻላል። ካሜራው በትከሻ ተይዞ ከሰዎቹ ጋር ይሞቃል፣ ይንገዳገዳል፣ ትኩረቱን ያጣል። ቁጥሩ ባይጻፍም እናውቅ ነበር። ተዋንያኑ በቀረጻ ላይ ጠጥተው አልነበረም፤ የሚኬልሰን የእግር አጣጣል፣ እንዳልሰከረ ለመምሰል የሚጥር የሰከረ ሰው አጣጣል ነው፤ ይህን ደግሞ ጠጥቶ መሥራት አይቻልም።

በዚህ መካከለኛው ክፍል ማንም ለማንም አይቀዳም። ይህን ሦስተኛ ጊዜ ሳይ ነው ያስተዋልኩት። መጠጡ አለ፣ ሙከራው የጋራ ነው፣ ደብተሩ የጋራ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በድብቅ፣ ለራሱ ይቀዳል። ስለ ልኩ ተማምለዋል፤ ስለ ጽዋው ግን ተለያይተዋል። የቶሚ ነገር እዚህ ይጀምራል። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ያለው ላባን የሚባል አሮጌ ውሻ ነው፤ ከሕፃናት የእግር ኳስ ቡድኑ መካከል ማንም የማያጫውተውን ባለመነጽር ልጅ ክንፉ ሥር አስገብቷል። ማርቲንና ኒኮላይ ሲያቆሙ የሚመለሱበት የተበጠበጠም ቢሆን ጠረጴዛ አላቸው። ቶሚ የለውም። ሰክሮ መምህራን ስብሰባ ይገባል፤ በኋላም ውሻውን ይዞ በጀልባ ወደ ባሕር ይወጣና አይመለስም። ላርሰን ይህን ሲጫወት አንድም ቦታ ላይ እዘኑልኝ አይልም። እኔ ግን ጸሐፊዎቹን እጠይቃለሁ፤ ከአራቱ የሚሞተው ለምን ብቸኛ ሰው ሆነ? ፊልሙ ስለ ብቸኝነት የሚያውቀውን ሐቅ ተናገረ ማለት ይቻላል። ሌሎቹን ላለመቅጣት ሒሳቡን ማንም በማይጠብቀው ሰው ስም ጻፈው ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ የሁለተኛው ጣዕም ግን አፍ ውስጥ ይቆያል።

በሴቶቹ ጉዳይ ላይ ግን ማመንታት የለብኝም። ማሪያ ቦኔቪ አኒካን በጥቂት ትዕይንት ሰው አድርጋታለች፤ ሬስቶራንት ውስጥ ማርቲን እንድትመለስ ሲለምናት የምታሳየው ድካም ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ጽሑፉ ግን አልረዳትም። የኒኮላይ ሚስትም እንዲሁ፤ ሕፃናትና የረጠበ አልጋ ተትቶላት ከጨዋታው ውጭ ትቆማለች። ወንዶቹ ዓለምን እንደ አዲስ ለመቅመስ ሲወጡ ሴቶቹ ለጽዳት ይቀራሉ፣ ፊልሙም ይህን ያያል፣ አይቶ ያልፋል። አብራን ያየችው ወዳጃችን ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «የእነዚህ ሚስቶች ጓደኛ የላቸውም እንዴ? አንድ ጠርሙስ የሚከፍትላቸው?» ብላ። መልስ ያለው ሰው አልነበረም። ካቫውን የከፈትነው ያኔ ነው።

ስለ ካቫው አንድ ነገር ካላልኩ እዳ ይሆንብኛል። እኛ ሀገር ሰርግና ልደት ላይ ቡሹ ከፈነዳ ሁሉም «ሻምፓኝ» ነው፤ ከየትም ይምጣ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻምፓኝ የሚባለው ከፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ የመጣው ብቻ ነው። ካቫ በአብዛኛው ከካታሎኒያ ይመጣል፤ አሠራሩ ግን ከሻምፓኙ አንድ ነው። አረፋው ጠርሙሱ ውስጥ በሁለተኛ ጥንስስ ይወለዳል፣ ካቫ በእርሾው ላይ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይተኛል። ሌላው አረፋማ ወይን ፕሮሴኮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ጥንስሱን የሚጨርሰው በትልቅ ጋን ውስጥ ስለሆነ ፍሬያማና ቀለል ያለ ነው። ከዋጋው ልዩነት ውስጥ ስም የሚወስደው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ያ የልደት እራት ሻምፓኝ በእኛ ካቫ ቢተካ ማርቲን ያለቅስ ነበር ወይ? ያለቅስ ነበር። እኛም ከዝንጅብሉ ሽሮፕ ጥቂት ከሥር አድርገን ካቫ ሞላንበት፤ ሎሚ ጨመርንበት። ይህኛው ያለ ምንም ማመንታት ከሳዘራካችን ተሻለ።

ከሁሉ የሚያከራክረው የፒተርና የተማሪው የሴባስቲያን ነገር ነው። ልጁ የቃል ፈተና ፊት አንደበቱ ይያዛል፤ ከዚህ በፊት ወድቋል፣ ይህኛው የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ፒተር መጠጥ ይሰጠዋል። ሴባስቲያን ስለ ኪርከጋርድና ስለ ጭንቀት ተጠይቆ ይመልሳል፣ ያልፋል። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ የዴንማርክ ሕግ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ቢራና ወይን እንዲገዛ ይፈቅድ ነበርና ነገሩ እዚያ ያለው ክብደት ከእኛው ይለያል። ቢሆንም ይህ ፊልሙ የሠራው ርካሹ ንግድ ነው። ልጁ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ፒተር ምን ፊት ይኖረው ነበር? ይህን የማየት ድፍረት አልነበራቸውም። ነገር ግን በእኔ ቆጠራ ከሳዘራኩ ምሽት ውጭ አንዱ ለሌላው መጠጥ የሚሰጥበት ትዕይንት ይህ መሆኑን ልሰውረው አልችልም፤ ደግሞም ከሁሉ ይልቅ ልሰጥ የማልፈቅደው እሱን ነው።

መጨረሻው በብዙዎች ዘንድ የሚታወቅ ነው። ከቶሚ ቀብር በኋላ ሦስቱ ምግብ ቤት ተቀምጠዋል። አኒካ ለማርቲን የናፍቆት መልእክት ትልካለች። የተመረቁት ተማሪዎች ነጭ ቆባቸውን አድርገው በከባድ መኪና ይደርሳሉ፤ በዴንማርክ ምሩቃን እንዲህ በመኪና ተጭነው ከቤት ቤት እየዞሩ በየወላጁ ደጅ ይጠጣሉ። ወደቡ ላይ ቢራውም ሻምፓኙም ይረጫል፣ መምህራኑ ይጠመቃሉ። ማርቲን፣ ወጣት ሳለ ጃዝ ባሌት ይጨፍር እንደነበር ጓደኞቹ ሲያላግጡበት የቆዩት ማርቲን፣ ይጨፍራል። ሚኬልሰን ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት ዳንሰኛ ነበር፤ እግሩ አልረሳም። የስካርሌት ፕለዠር ቡድን ዘፈን ይጮኻል፣ ሰውየው ወደ ባሕሩ ይዘልላል፣ ምስሉ አየር ላይ እያለ ይቆማል።

ይህ ነጻ መውጣት ነው ወይስ መውደቅ? ብዙ ጽሑፎች ይህን ጥያቄ ከፍተው ይተዉታል፣ ቪንተርበርግም እንዲተዉት ነው የሠራው። እኔ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ቀረጻው በተጀመረ በአራተኛው ቀን፣ በሜይ 2019፣ የቪንተርበርግ ልጅ ኢዳ በመኪና አደጋ ሞተች። 19 ዓመቷ ነበር፣ በፊልሙም የማርቲን ልጅ ሆና ልትጫወት ነበር። ፊልሙ የተሰጠው ለእሷ መታሰቢያ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ትዕይንቶች የተቀረጹት በእሷ ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ነው። ይህን አውቆ ወደቡን ያየ ሰው በነጭ ቆብ የሚዘልሉትን ልጆች እንደ ድግስ ማጀቢያ ሊያያቸው አይችልም። መጨረሻውን ጌጥ ነው፣ ቶሚን ቶሎ ረሳ ብዬ ሁለት ጊዜ ነቅፌው ነበር። አሁን ነቀፌታዬን ግማሹን አንስቻለሁ። ግማሹን አላነሳሁም፤ የአኒካ መልእክት በትክክለኛው ደቂቃ መድረሱ አሁንም የጸሐፊ እጅ እንጂ የሚስት እጅ አይመስለኝም። ይሁንና በዚያ ትዕይንት ላይ ቆጠራዬ ተበላሸ፤ ማን ለማን እንደቀዳ መለየት አልተቻለም። ተማሪ ለመምህር ያቀብላል፣ መምህር ለተማሪ፣ የማይታወቅ እጅ ለማይታወቅ እጅ።

የፊልሙ መዝጊያ ጽሑፍ መውረድ ሲጀምር ሁለተኛው ካቫ ግማሽ ላይ ነበር። ሾፌራችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሶፋው ጫፍ ላይ ውኃ ይዞ ነው የተቀመጠው፤ ማርቲን በልደቱ እራት ላይ እንደነበረው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ መቅዳት ሳሰላስል ለእሱ የቀዳለት እንደሌለ አላየሁም። ወዳጃችን ተነስታ አንድ ረጅም ብርጭቆ አወረደች፤ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ጋዝ ያለው ውኃ። ተቀበላትና መጀመሪያ አሸተተው።

«ጭፈራውን ድገሙት» አለ።